ሰባት ሜትር ከአምስት

ከድር የሚደውልልኝ ለሁለት ነገር ብቻ ነው፤ ለፋሲካ እንኳን አደረሰሽ ለማለት፣ አለዚያም ሰው ሲሞት። የድሮ መሥሪያ ቤታችን ሾፌር ነው። ፋሲካ ገና ሩቅ ስለነበር ስልኩን ሳነሳ ‹‹ማን?›› ነበር ያልኩት።

‹‹ጋሽ ሸምሱ›› አለኝ። ‹‹ዛሬ ሱብሒ ላይ። ከዙሁር በኋላ ይቀበራሉ። አትደርሺም፣ ዝም ብለሽ አትልፊ።››

እውነቱን ነው፣ አልደርስም ነበር። እኔ ወልቂጤ፣ እሳቸው ቡታጅራ። በማግስቱ በአረቅጥ በኩል በሚያልፍ ሚኒባስ ተሳፍሬ ለቅሶ ሄድኩ። መንገዱን ሙሉ ስለ እሳቸው እያሰብኩ ሄድኩ ብል ደስ ባለኝ። ያሰብኩት ግን ለቅሶው ቤት ማን ማን እንደሚኖር ነበር።

ጋሽ ሸምሱን ያወቅኋቸው ስሙን ልተወውና፣ የከተማ ይዞታ እየለካ በኮምፒዩተር የሚመዘግብ አንድ ፕሮጀክት ቡታጅራ ላይ በኮንትራት ሲቀጥረኝ ነው። አንድ ለአምስት ተደራጅተን በየሳምንቱ የምንገማገምበት፣ ጥፋት ሁሉ ‹‹የአመለካከት ችግር›› የሚባልበት ዘመን ነበር። እሳቸው ያኔ ሃምሳን አልፈዋል። እንሴኖ ለሃያ ዓመት ሒሳብ አስተምረዋል። ፕሮግራም መጻፍን የተማሩት ከማንም አይደለም፤ ሽፋንም የመጨረሻ ምዕራፍም ከሌለው አንድ ፎቶ ኮፒ መጽሐፍ ነው። ‹‹እኔ እኮ ጨርሼ አልተማርኩም፣ መጨረሻውን አይጥ በልቶብኛል›› ይሉ ነበር፣ አዲስ ሰው በመጣ ቁጥር። ኪቦርድ ከመንካታቸው በፊት ሁለቱንም እጆቻቸውን በሱሪያቸው ጠረግ ጠረግ ያደርጋሉ። ጠመኔ ከተዉ ስንት ዓመታቸው፣ እጃቸው ግን አልተወም።

የገባሁ ቀን እንኳን ደህና መጣሽም አላሉኝም። ወንበር ስበው አጠገባቸው አስቀመጡኝና፣

‹‹አንድ አሥረኛን አሥር ጊዜ ብትደምሪ ስንት ይመጣል?›› አሉኝ።

‹‹አንድ ነዋ።››

አምስት መስመር ፕሮግራም ጻፉ። ዜሮ ነጥብ አንድን አሥር ጊዜ ደምር፣ ድምሩ ልክ አንድ ከሆነ ‹እውነት›፣ ካልሆነ ‹ሐሰት› በል የሚል ነው። ኮምፒዩተሩ ‹ሐሰት› አለ። ሳቅሁ። የመንግሥት ኮምፒዩተር ነው፣ ተበላሽቶ ነው ብዬ።

‹‹አልተበላሸም። አንድ አሥረኛ እሱ ዘንድ አያልቅም። እኛስ አንድን ለሦስት ስናካፍል ሦስት፣ ሦስት፣ ሦስት እያልን የት ደረስን? አንድ ቦታ ላይ ይደክመንና እንቆማለን። እሱም ይደክመዋል። ክፋቱ፣ መድከሙን አይነግርሽም።››

ከጠረጴዛቸው በላይ ግድግዳው ላይ፣ ከተጣለ ወረቀት ጀርባ የታተመ አንድ ቁጥር ለጥፈው ነበር። ከአንድ እስከ መቶ ያሉ ቁጥሮች ሁሉ እርስ በርስ ተባዝተው የሚመጣው ነው፤ መቶ ሃምሳ ስምንት አኃዝ አለው። ኮምፒዩተር ይህንን ዝም ብለው ቢጠይቁት የመጀመሪያዎቹን ጥቂት አኃዞች ይጽፍና የቀረውን ‹ኢ› በምትል ፊደል አሳጥሮ ያልፈዋል። ጋሽ ሸምሱ ግን ለእያንዳንዱ አኃዝ የራሱን ቦታ ሰጥተው፣ ልክ እንደ ሦስተኛ ክፍል ተማሪ ከቀኝ ወደ ግራ፣ ሁለት በእጅ፣ አራት በእጅ እያለ የሚያባዛ ፕሮግራም ጽፈው ነበር። አንድም አኃዝ ሳይጎድል አወጣላቸው። ኃላፊያችን አንድ ቀን ቆሞ አየውና፣

‹‹ጋሽ ሸምሱ፣ ይሄ ምን ይጠቅማል?›› አላቸው።

‹‹ምንም። ግን ሙሉ ነው።››

ኃላፊው ትከሻውን ነቅንቆ ሄደ። ክፉ ሰው አልነበረም፤ ሪፖርት የሚወድ ሰው ነበር።

ከእሳቸው ብዙ ቁጥር ተምሬያለሁ። ኮምፒዩተር ውስጥ ለቁጥር ጠባብ ዕቃና ሰፊ ዕቃ እንዳለ ያስረዱኝ በገበያ ጣሳ ነው። ‹‹አንድ ኩንታል በርበሬ በጣሳ ቀድቼ አመጣሁ ብትይኝ፣ ያመጣሽው ጣሳውን ነው። የቀረው የት ሄደ ብዬ ብጠይቅሽ ጣሳው ሙሉ ነው ትይኛለሽ። ውሸትም አልተናገርሽ።›› ጠባቡ ዕቃ ሰባት ያህል አኃዝ ይይዛል፤ ሰፊው አሥራ አምስት። እኛ የምንመዘግበው የየቤቱ ማዕዘን ከምድር ላይ ያለበትን ቦታ ነበር፤ ሠላሳ ስምንት ዲግሪ ብሎ፣ ከነጥቡ በኋላ ስምንት አኃዝ ይከተላል። የመጀመሪያዎቹ አኃዞች አገሩን ይናገራሉ፣ መካከለኞቹ ከተማውን፣ የአንድን ሰው አጥር ከጎረቤቱ አጥር የሚለዩት የመጨረሻዎቹ ናቸው። ስለዚህ ሰፊው ዕቃ ግድ ነው። ይህንን በደንብ አውቃለሁ። ለሌላ ሰው ማስረዳት እችል ነበር።

የምንለካበት ማሽን ጥሩ ነበር፣ ማዕዘንን በሁለት ሳንቲሜትር ስሕተት ይለካል። ጋሽ ሸምሱ ግን ማንም ሳያዛቸው የእያንዳንዱን ቤት ፊት ለፊት በሜትርም ደግመው ይለኩና በእርሳስ ይጽፉ ነበር። ‹‹ማሽኑንም አምናለሁ፣ ሜትሬንም አምናለሁ። ሲጣሉ ግን ምስክር ያስፈልጋል።››

ከአስፋልቱ ዳር፣ በሁለት ፎቅ ጅማሮ አጠገብ፣ እማማ ዘይነባ የሚባሉ ባል የሞተባቸው ሴት ነበሩ። ከቆሼ የሚመጣ የማረቆ በርበሬ በቤታቸው ደጃፍ ይሸጣሉ። ቤቲቱ ጠባብ ናት። መመሪያው ደግሞ የአስፋልት ዳር ይዞታ ፊት ለፊቱ ከሰባት ሜትር ካነሰ ለብቻው ካርታ አያገኝም ይላል፤ ባለቤቱ ከከተማው ጥግ ምትክ ተሰጥቶት ይነሣል፣ ቦታው ለጎረቤት ልማት ይውላል። ይህንን መንደሩ ሁሉ ያውቃል። ስለዚህ ያን ቀን ስንለካ እማማ ዘይነባ በርበሬያቸውን ትተው የሜትሩን ጫፍ ራሳቸው ያዙ። እኔ መዝገብ ይዤ ቆሜ ነበር።

‹‹ሸምሱ፣ በአላህ፣ ስንት ነው?››

ጋሽ ሸምሱ ተጎንብሰው ሁለት ጊዜ አዩት። ‹‹ሰባት ሜትር ከአምስት ሳንቲ። አልፈዋል፣ እትዬ ዘይነባ።››

‹‹ኋላ አይቀንስም?››

‹‹ቁጥር ምን ሆኖ ይቀንሳል? በእኔ ይሁንብዎት።››

መርቀዋቸው፣ በጋዜጣ የተጠቀለለ በርበሬ ሊሰጧቸው ቢሉ አሻፈረኝ አሉ። ‹‹መለኪያ የያዘ እጅ ስጦታ አይይዝም›› ብለው። እኔ ወሰድኩ፤ ለእናቴ።

ልኬቱ አልቆ ማሽኑ ወደ ሌላ ከተማ በሄደ በሳምንቱ የጋሽ ሸምሱ እህት ቆሼ ላይ ሞተችና ለሦስት ቀን ለቅሶ ሄዱ። በሁለተኛው ቀን ኃላፊው መጣ። ፋይሉ በኢሜይል ወደ ክልል መላክ አለበት፣ ኔትወርኩ ግማሽ ላይ ይቆረጣል፣ ከበላይ ስልክ ይደወላል። ‹‹አሳንሺው›› አለኝ። ‹‹እንዴት?›› አልኩት። ‹‹እኔ ምን አውቃለሁ፣ ባለሙያዋ አንቺ ነሽ።››

ባለሙያ ሲሉኝ ደስ አለኝ። ይህንንም አልደብቅም። የማዕዘኖቹን ዓምድ ከፍቼ ዓይነቱን ከሰፊው ወደ ጠባቡ ለወጥኩ። ኮምፒዩተሩ ጠየቀኝ፤ ‹‹የተወሰነ መረጃ ሊጠፋ ይችላል፣ ይቀጥል?›› አለ። እሺ የሚለውን ተጫንኩ። ፋይሉ አነሰ። ከሰዓት በኋላ ክልል ደረሰ፣ ኃላፊው ለስላሳ ጋበዘን። ዋናውን ፋይል ለብቻው አላስቀመጥኩም፤ በላዩ ላይ ነው የጻፍኩበት።

የየቤቱ ስፋት ዝርዝር ከአዲሱ ፋይል ተሰልቶ ታተመ። ካርታውም ታተመ። በሰንደቅና በንግግር ታደለ። እማማ ዘይነባ ካርታ ሳይሆን ደብዳቤ ደረሳቸው፤ የይዞታዎ ፊት ለፊት ስድስት ሜትር ከሰባ ሦስት ሳንቲሜትር ሆኖ ስለተገኘ ይላል። ደብዳቤውን ይዘው ቢሯችን መጡ። ማንበብ አይችሉም፣ ግን መንገድ ላይ ሦስት ሰው አንብቦላቸዋል።

‹‹እኔ በጣሳ ሰፍሬ ለሰው ምራቂ እጨምራለሁ›› አሉ፣ በሩ ላይ ቆመው። ‹‹አንተ ከኔ ላይ ትቀንሳለህ፣ ሸምሱ?››

ጋሽ ሸምሱ ዝርዝሩን ወስደው ተቀመጡ። ሁለት ቀን ሙሉ ምሳም አልወጡ። በሁለተኛው ቀን ጠሩኝና በወረቀት ላይ ያሰፈሩትን አሳዩኝ። የዚያ መንገድ ቤቶች ስፋት ነው፤ ስድስት ከሰባ ሦስት፣ ሰባት ከአሥራ አምስት፣ ሰባት ከሃምሳ ሰባት፣ ሰባት ከዘጠና ዘጠኝ።

‹‹ምን ይታይሻል?››

‹‹ቁጥር ነው።››

‹‹በመካከላቸው ያለውን እዪ። አርባ ሁለት፣ አርባ ሁለት፣ አርባ ሁለት። የዚህ አገር ሰው ከመቼ ወዲህ ነው ቤቱን በአርባ ሁለት ሳንቲ እርምጃ የሚሠራው?››

ገባኝ። ጠባቡ ዕቃ ሠላሳ ስምንት ዲግሪን ሲይዝ በሚቀረው ቦታ በአርባ ሁለት ሳንቲሜትር እየዘለለ ብቻ ነው የሚቆጥረው፤ በመካከል የወደቀውን ማዕዘን ወደ ቀረበው ይገፋዋል። ሌላው ሰው ሁሉ ትንሽ አገኘ ወይም ትንሽ አጣ፣ ከሰባቱ ሜትር በታች የወደቁት ግን እማማ ዘይነባ ብቻ ነበሩ። ሠላሳ ሁለት ሳንቲሜትር አጡ። አንድ የተማሪ ማስመሪያና ሁለት ጣት።

አለቀስኩ። ጋሽ ሸምሱ እስክጨርስ ጠበቁኝ።

‹‹አስጠንቅቆሽ ነበር?››

‹‹አዎ።››

‹‹ምን አልሽው?››

‹‹እሺ።››

አልተቆጡም። ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር። መነጽራቸውን አውልቀው ዓይናቸውን አሹና፣ ‹‹ሁላችንም እሺ ነው የምንለው›› አሉ። ከዚያም፣ ‹‹አንቺ ገና ኮንትራት ነሽ፤ በአንድ ደብዳቤ ያባርሩሻል። እኔ አሮጌ ነኝ፣ እኔን ይከብዳቸዋል። ዝም በይ›› አሉኝ።

እኔም ዝም አልኩ። ዝምታ ስታዘዝ እንዲህ ጎበዝ እንደሆንኩ አላውቅም ነበር።

ሪፖርታቸውን ጻፉ፤ የእኔ ስም የለበትም። በዓርብ ግምገማ ላይ አቀረቡት። መንገዱን በአንድ ቀን በሜትር እንለካው፣ ሜትሩን እኔ እይዛለሁ አሉ። ኃላፊው ሪፖርቱን ገለጥ ገለጥ አደረገና፣

‹‹ፋይሉን የለወጠው ማን ነው?›› አለ። ይህንን ሲል ያየው እኔን ነው። አሳንሺው ያለኝ እሱ፣ ያሳነስኩት እኔ። ሁለታችንም እናውቃለን። ወደ እስክሪብቶዬ አቀረቀርኩ።

‹‹ፕሮግራሙ የኔ ነው›› አሉ ጋሽ ሸምሱ። ‹‹ተጠያቂውም እኔ ነኝ።››

‹‹ካርታው ታድሏል፣ ሪፖርቱ ሄዷል። ለአንዲት ሴት ሲባል የከተማውን ሕዝብ ሁሉ ካርታችሁ ልክ አይደለም እንበለው?››

‹‹ልክ ካልሆነ…››

ያኔ ከወዲያ ጥግ አንዱ ተነሥቶ፣ ሰባት ከአምስት የሚለው በእርሳስ መጻፉን፣ እርሳስ ደግሞ እንደሚጠፋና እንደሚጻፍ፣ ሴትየዋም በርበሬ በጋዜጣ ጠቅልላ ስታቀርብ መታየቷን ተናገረ። ኪራይ ሰብሳቢነት የሚለው ቃል ወጣ። ያ ቃል አንድ ጊዜ ከወጣ ተመልሶ አይገባም። በርበሬውን የወሰድኩት እኔ ነበርኩ። እናቴ ሽሮ ውስጥ ጨምራው በልተነዋል።

ጋሽ ሸምሱ በወሩ ተሰናበቱ። ይከብዳቸዋል ያሉት ሸክም እንደ ላባ ቀለላቸው።

ቤቲቱ የፈረሰችው በአንድ ማክሰኞ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ ነው። ከጓዳ ሳይወጣ የቀረ አንድ ጆንያ በርበሬ በአፍራሹ ማሽን ጥርስ ተቀደደና ብናኙ መንገዱን ሞላው። ሾፌሩ እያሳለ ወርዶ ሮጠ፤ ተመልካቹ፣ ፖሊሱ፣ ሁሉም ዓይኑን ይዞ ያነባል። ያልተንቀሳቀሱት ሁለት ሰዎች ናቸው። እማማ ዘይነባ አንድ ድንጋይ ላይ ተቀምጠዋል፣ ጋሽ ሸምሱ ከመንገዱ ማዶ ቆመዋል።

‹‹ሰባት ከአምስት ብለኸኝ አልነበር?›› አሉ እማማ፣ ጮክ ብለው። ‹‹በእኔ ይሁን ብለኸኝ አልነበር?››

ጋሽ ሸምሱ መልስ ነበራቸው። ሙሉ መልስ፣ አንድም አኃዝ የማይጎድለው። ግን መልሱ ውስጥ እኔ አለሁ፤ ስለዚህ አልመለሱም።

ከዚያ በኋላ ያለውን ከከድር ነው የምሰማው። ጎረቤትየው ፎቁን ጨረሰ። ሸምሱ ከባለ ፎቁ በልቶ ነው ሜትር ያሳጠረባት የሚል ወሬ ተነሣ፤ እማማ ዘይነባም አመኑት። ምን ያድርጉ፣ ሌላ ምን ምክንያት ተነገራቸው? ከከተማው ዳር ተሰጥቷቸው ከነበረው ምትክ ቦታ በእግራቸው እየመጡ መናኸሪያው አጠገብ መሬት ላይ ይሸጡ ጀመር። ጋሽ ሸምሱ በየጁምዓው ከመስጂድ ሲመለሱ በዚያ በኩል ያልፋሉ። ‹‹አሰላሙ ዓለይኩም፣ እትዬ ዘይነባ›› ይላሉ። እማማ ፊታቸውን ያዞራሉ። ሰላምታ ሳይመልሱ መቅረት በሙስሊሙ ዘንድ ቀላል ነገር አይደለም። ከድር እንደሚለው አንድም ጁምዓ አልቀሩም፣ አንድም ጁምዓ አልተመለሰላቸውም። ስንት ዓመት!

እኔ ወልቂጤ ተዛወርኩ። ቋሚ ሆንኩ። ወንበሬ የሚሽከረከር ነው።

አንድ ጊዜ መጥተው አግኝተውኛል። አቤቱታ ይዘው ወደ ዞን ሲመላለሱ ነው፤ በየዓመቱ ይመጡ ኖሯል፣ እኔን ግን አይጠይቁኝም ነበር። መናኸሪያው አጠገብ ሻይ ጋበዝኳቸው። ኮታቸው ሰፍቷቸዋል። ፎልደራቸው ውስጥ በእርሳስ የተጻፈው የመስክ ወረቀት በላስቲክ ተሸፍኖ አለ።

‹‹ቤቱስ ሄዷል፣ ከእንግዲህ አይመለስም›› አሉኝ። ‹‹ቁጥሩ እንዲስተካከል ብቻ ነው የምለፋው። ሰባት ከአምስት ነበር የሚል አንድ ወረቀት፣ ማኅተም ያለበት። እሷ ትይዘዋለች።›› ሻያቸውን አማሰሉ፣ ስኳር ሳይጨምሩ። ‹‹ቋሚ ሆነሻል አሉኝ። አሁን ብትጽፊው ምንም አያደርጉሽም። ሁለት መስመር። ፋይሉን በዚህ ቀን እኔ አሳነስኩት ብለሽ።››

የለመኑኝ ነገር ይኸው ብቻ ነው፤ በዚያ ሁሉ ዓመት፣ አንድ ጊዜ።

‹‹ሰኞ ጽፌ እልክልዎታለሁ›› አልኩ።

‹‹አላህ ይስጥልኝ›› አሉና እጃቸውን በሱሪያቸው ጠርገው ጨበጡኝ።

ሰኞ ስብሰባ ነበረብኝ። በሚቀጥለው ሰኞ ምን እንደነበረብኝ አላስታውስም። ፈራሁ ማለት ይሆን? ማንን? ኃላፊው እንኳ ተነሥቶ ሌላ ቦታ ሄዷል። የሚያስፈራኝ ሰው አልነበረም። ሳልጽፈው ብቻ ቀረሁ፣ ሁለት ዓመት ያህል፣ ከድር እስኪደውል ድረስ።

ለቅሶው ቤት ስደርስ ወንዶቹ ድንኳኑ ውስጥ ናቸው፣ እኛ ሴቶች ቤት ውስጥ ምንጣፍ ላይ። የጋሽ ሸምሱ ባለቤት ሐሊማ አቅፋ ሳመችኝ። ‹‹ስምሽን ያነሳ ነበር፣ ጎበዝ ልጅ ናት ይል ነበር›› አለችኝ። ተቀመጥኩ። ቀና ስል ከፊት ለፊቴ እማማ ዘይነባ ናቸው። አርጅተዋል። ጣቶቻቸው አሁንም በበርበሬ ቀልተዋል።

ጥቂት ቆይተው ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ሴቶቹ ወደ እሳቸው ዞሩ፤ ነገሩን ሁሉም ያውቃል።

‹‹ትናንት ቀብሩ ላይ፣ ሐቅ ያለው ሰው አውፍ ይበላቸው፣ ይቅር ይበላቸው ብለው ለመኑ አሉ። እኛ ሴቶች ቀብር አንወጣም። ስለዚህ እዚሁ ልበል›› አሉ። ‹‹ሸምሱ ቤቴን አሳጥሮ ለካብኝ። በርበሬ ብሰጠው እምቢ ያለኝ ሰው፣ ከሌላ ሰው ምን ተቀብሎ እንደሆነ እንጃ። ዓለይኩም ሰላም አላልኩትም፣ ይኸው ሞተ። እኔም ሟች ነኝ። አውፍ ብዬዋለሁ፣ ለአላህ ብዬ። አላህም አውፍ ይበለው።››

ሐሊማ ነጠላዋን ወደ ፊቷ ሳበች። ባሏ ምን እንዳደረጉና ምን እንዳላደረጉ ለእሷም አልነገሯትም ማለት ነው።

እማማ ዘይነባ ያኔ ወደ እኔ ዞሩ። ዓይናቸው ደክሟል፣ ለማወቅ ትንሽ ጊዜ ወሰደባቸው።

‹‹አንቺ መዝገብ የያዝሽዋ ልጅ አይደለሽም? እዚያው ቆመሽ ነበር። የበደለኝ እሱ አይደለም? ሐሰት ተናገርኩ?››

ሴቶቹ ሁሉ አዩኝ። ሐሊማም ነጠላዋን ገለጥ አድርጋ አየችኝ።

‹‹ሐሰት አልተናገሩም፣ እማማ›› አልኩ።

እማማ ‹‹አላህ አውፍ ይበለው›› ብለው ሲደግሙ ሁሉም ‹‹አሚን›› አሉ፣ እኔም አልኩ።